የአእምሮ ሕመምተኛም ይራመድ፣ ይሥራ

ከማታው ትምህርት በኋላ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ልጄ የአእምሮ ሕመም አለበት። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ መጮኹን ትቷል። ብቻውን ማውራቱም ቀንሷል። ግን ቀኑን ሙሉ ከመደብ አይነሳም። ጎረቤቶቼ ‹ተዪው፣ አታስነሺው፤ ሥራ ያብስበታል› ይሉኛል። እውነት ነው ወይ?»

እውነት አይደለም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ብዙ ስለሆነ ነገሩን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሐኪሙ ለእኚህ እናት የነገራቸው የሕመሙ ስም ስኪዞፍሬኒያ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። «ሊጎዱኝ ነው» ብሎ ሰውን ይጠረጥራል። ንግግሩ ይዘበራረቃል። ይህን ጎረቤት ሁሉ ያያል። ሕመሙ ግን ሌላም ወገን አለው። ሰውየው ከሰው ይርቃል። መታጠብ፣ መብላት፣ መሥራት ያስጠላዋል። ሰው «ሰነፈ» ይለዋል። ስንፍና አይደለም፤ ይህም የሕመሙ ክፍል ነው።

እኛም አእምሮውን ስናይ ሥጋውን እንረሳለን። ይህ መርሳት ሰው ይገድላል። ማስረጃው ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም፤ ከቡታጅራ ነው።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ከነዚህ መካከል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሉ። በ10 ዓመቱ ውስጥ 121 ሰዎች ሞቱ። ውጤቱ በ2007 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ሞቱ እጥፍ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ላይ ደግሞ ይብሳል። የሞቱትም ዕድሜያቸው 30 ዓመት ያህል ተቀንሶባቸው ነው። 30 ዓመት እኮ ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ለመዳር የሚበቃ ጊዜ ነው።

ምን ገደላቸው? ራሱን ያጠፋ አለ። አደጋ የደረሰበት፣ ሰው የገደለውም አለ። ግማሽ ያህሉ ግን የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ሕመምተኛው ሲያተኩሰው ወይም ሲያስለው «ያው የተለመደው ሕመሙ ነው» ከተባለ ማን ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? እሱ ራሱ አመመኝ ላይል ይችላል። በሚገባ ካልበላና ካልታጠበ ደግሞ በሽታ ሲመጣበት ሰውነቱ አይቋቋምም።

በሀብታም አገሮች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ይበልጥ የሚገድለው የልብ በሽታ ነው። ብዙ ይቀመጣሉ፣ ብዙ ያጨሳሉ። ኦላንዛፒን የሚባለውን የመሰሉ መድኃኒቶችም የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፤ ሰውነት ያወፍራሉ። ይህ መድኃኒት እኛም አገር ስላለ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ታዲያ መንቀሳቀስ ምን ይጠቅማል? ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ያመጣል። የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን የተካፈሉባቸው ልዩ ልዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ሌላም ነገር ተገኘ። በሳምንት 90 ደቂቃ ያህል ልብን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያደረጉ ሰዎች የአእምሮ ሕመማቸው ምልክትም ቀንሷል። መድኃኒቱን ግን አይተካም። አብሮት ይሄዳል እንጂ።

90 ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለ7 ቀን ብታካፍሉት በቀን ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስፖርት ሲባል እኛ ተማሪዎች ኳስ ብቻ ይታየናል። ገበሬ ግን ኳስ አያስፈልገውም። ፈጠን ብሎ ወደ ወንዝ መውረድና መውጣት፣ ውኃ መቅዳት፣ መኮትኮት፣ ሣር ማጨድ ሁሉም እንቅስቃሴ ነው።

ሶዶ ወረዳ ለቡታጅራ ቅርብ ነው። እዚያ የሐኪም ትምህርት የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ወዳለባቸው ሰዎች ቤት ይመላለሱ ነበር። ሥራቸው ስፖርት ማሠራት አልነበረም። ሕመምተኛው ንጽሕናውን እንዲጠብቅ፣ ወደ ሥራውና ወደ ሰው እንዲመለስ ከቤተሰቡ ጋር ያግዙት ነበር። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለዋል።

እኚያ እናት ግን የፈለጉት የነገውን ነው። «ከምን ልጀምር?» አሉኝ።

መጀመሪያ ምግብ ነው። የከሳና የተራበ ሰው ሩጥ አይባልም። ቀጥሎ አብሮት የሚሄድ ሰው ይፈለግ። «ሂድ» ሲሉት የማይነሳ ሰው «እንሂድ» ሲሉት ሊነሳ ይችላል። የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ጎረቤት ደጅና መልስ ቢሆን ይበቃል። እየቆየ ይርዘም። አንድ ቀን እምቢ ካለ አትጣሉት፤ በማግሥቱ ጠይቁት። ሕመሙ የተነሳበትንና የሚቆጣውን ሰው ግን ለጊዜው አታስገድዱት፤ ወደ ሕክምና ይሂድ።

ስለ መድኃኒቱም ማወቅ ያለባችሁ አለ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ያዞረዋል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይነሳ። ቆዳውንም ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል። ባርኔጣ ያድርግ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ወደ ማታ ይሥራ። ሃሎፐሪዶል ደግሞ ሰውነት ሊገትርና እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። «ሰነፈ» የተባለው ሰው አንዳንዴ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ነው። ይህን ለጤና ባለሙያ ንገሩ፤ የሚስተካከልበት መንገድ አለ። በራሳችሁ ግን መድኃኒቱን አታቋርጡ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለም ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር።

በፍርሃት ሕመምተኛቸውን በሰንሰለት የሚያስሩ ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቹ ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ሌላ መላ አጥተው ነው። የታሰረ እግር ግን ይመነምናል፣ ይቆስላል። ቁስሉም ያመረቅዛል። ሰንሰለቱ እንዲፈታ ሕክምናው ቶሎ ይጀመር።

እናትየዋ ይህን ሁሉ ሰምተው ትንሽ አሰቡ።

«የፊታችን ማክሰኞ ጨው ልገዛ ገበያ እወጣለሁ። እሱን ይዤው ብሄድስ?»

«ገበያው ሩቅ ነው፤ ሰውም ይበዛበታል። ለመጀመሪያው እስከ ድልድዩ ቢሸኝዎትስ?»

«እስከ ድልድዩ እንኳ ይችላል።»

«ባርኔጣ አለው?»

«የአባቱ አለ» አሉና ደብተራቸውን ይዘው ወጡ።