ሥራ ፈትቶ የሚዝግ ካፒታል

በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች፣ በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በሜይን ገጠሮች፣ ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ ብሎ የጭስ ማውጫ ያለው ትንሽ የብረት ቤት ቆሞ ይታያል። የእንጨት ቦይለር ነው። በምድጃው ዙሪያ ያለው ውሃ ይሞቅና በተቀበረ ቧንቧ ሄዶ ቤቱን ያሞቃል። ዋጋው ከነተከላው 10 ሺህ ዶላርን በቀላሉ ያልፋል። 20 ዓመት ያገለግላል ተብሎ የተገዛ ቦይለር በ10ኛው ዓመት ከተበሳ የየዓመቱ ወጪ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ከርካሽ ማገዶ የተገኘው ቁጠባም በዚያው ይበላል።

ዕድሜውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ውሃው ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ቦይለሮች ግፊት የማይዙ፣ ለአየር ክፍት የሆኑ ናቸው። አዲስ ውሃ በተሞላ ቁጥር በውስጡ የሟሟ ኦክስጅን አብሮ ይገባል፤ ውሃው ሲሞቅ አብዛኛው ይወጣና የዝገቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ አንዴ ተሞልቶ የተቀመጠ ውሃ ብዙም አይጎዳም። የሚያፈስ መገጣጠሚያውን ሳያስጠግን ውሃ እየጨመረ የሚቀጥል ባለቤት ግን ብረቱን ራሱ እያስበላ ነው። ዝገቱ ደግሞ ላሜራውን እኩል አያሳሳውም፤ አንድ ቦታ ይዞ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ሌላው አካሉ ደህና የሆነ ቦይለር በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ከሥራ ይወጣል። መከላከያው የታወቀ ነው፦ ፀረ ዝገት ኬሚካል መጨመር፣ ውሃው ወደ አልካላይን እንዲያደላ መጠበቅ፣ በየዓመቱ ናሙና ማስመርመር። ብዙ አምራቾች ያለዚህ ምርመራ ዋስትናቸውን አያከብሩም፤ በእኔ እምነት ትክክል አድርገዋል።

በእሳቱ በኩል ጥፋቱ ከእርጥብ እንጨት ይጀምራል። እርጥቡ ሲነድ ብዙ እንፋሎት ይወጣዋል፤ የቦይለሩ ውሃ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይህ አሲድ ያዘለ እንፋሎት በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ቆሻሻ ማቃጠል የባሰ ነው፤ ፒቪሲ ፕላስቲክ ሲነድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወጣዋል። ብርዱ አልፎ ቦይለሩ ሲቆም ደግሞ ያልተጠረገ አመድና ጥቀርሻ እርጥበት እየሳበ ለወራት ብረቱ ላይ ይተኛል። አመዱን ጠርጎ፣ ግድግዳውን ዘይት ቀብቶ፣ ጭስ ማውጫውን መክደን የአንድ ቀን ሥራ ነው። በኬሚካል የታከመው ውሃ ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ ከተደፋ እርጥቡን ብረት አየር ያገኘዋል።

ይህን ያህል ቀላል ሥራ ለምን ይዘለላል? የጥገና ወጪ የዘንድሮን ትርፍ ይቀንሳል፤ ዝገቱ ግን በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። የእርጅና ተቀናሹ፣ ብረቱ ቢበላም ባይበላም፣ በየዓመቱ ያው ነው። የዝገት ባለሙያዎች ማኅበር የነበረው ኔስ ኢንተርናሽናል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ዝገት በዓለም ላይ የሚያደርሰውን ኪሳራ በዓመት 2.5 ትሪሊዮን ዶላር፣ ማለትም የዓለም ጠቅላላ ምርት 3.4 በመቶ ብሎ ገምቶታል። ከዚህ ውስጥ ከ15 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን ዛሬ በሚታወቁት ዘዴዎች ብቻ ማዳን ይቻላል ብሏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቻችን ቦይለሮች በግፊት የሚሠሩና እጅግ ግዙፍ ናቸው፤ የኦክስጅኑ ነገር ግን አይለወጥም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ የቦይለር ቱቦም በዚያው ልክ ተወደደ። ኬሚካሉም ቢሆን ከውጭ ይመጣል፤ ግን የሚያስፈልገው መጠን ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ኬሚካል ከመግዛት በፊት እንኳ ለቦይለሩ በሚጨመረው አዲስ ውሃ መስመር ላይ ቆጣሪ አስገጥሞ ንባቡን በየፈረቃው መመዝገብ ይቻላል። የምርቱ መጠን ሳይጨምር የሚገባው ውሃ ከጨመረ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ያንን ቁጥር ከነዳጅ ወጪው ጎን በየወሩ ሊጠይቅ ይገባል።