ቢጫው መብራት «ዕቃ ግዙ» አላለም

ቆላ ድባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች ኮሮላ አለችው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዳሽቦርዷ ላይ ያ የሞተር ሥዕል ያለው ቢጫ መብራት በራ። ጎንደር ወስዶ በኮምፒውተር አስነበባት። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ተባለ። ተገዛ፣ ተቀየረ፣ መብራቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን፣ አዘዞን አልፎ የደምቢያን ሜዳ ሲይዝ፣ እንደገና በራ። «የገዛኸው ፎርጅድ ይሆናል» ተብሎ ሌላ ሴንሰር ተገዛ። እሱም አልበጀም።

በመጨረሻ እዚያው ቆላ ድባ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጃቸው አጠፍ አደረጉት። በሽንሽኑ መካከል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረ። «ልጄ፣ አየሩ በጓሮ በር እየገባ ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ማጣሪያው አጠገብ ያለው ሴንሰር የሚገባውን አየር ይለካል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ልክ ቤንዚን ያዛል። ቱቦው ከመለኪያው ወዲህ ሲሰነጠቅ ግን ያልተቆጠረ አየር ይገባል። ጭስ መውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር «አየር በዝቷል» ይላል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ መጨመር እስከሚችልበት ጣሪያ ሲደርስ ፒ0171 ብሎ ይመዘግብና መብራቱን ያበራል። ሴንሰሩ አልዋሸም። እሳት ተነሣ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ ሁለት ጊዜ አባረርነው ማለት ነው።

ስለዚህ ኮድ የዕቃ ስም አይደለም። ኮምፒውተሩ ያየውን ምልክት ይናገራል፤ ምክንያቱን መፈለግ የሰው ሥራ ነው። ጋራዥ ገብታችሁ ኮዱን ካነበቡ በኋላ ኮፈን ሳይከፍቱ የዕቃ ዋጋ የሚነግሯችሁ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ቁልፌን ተቀብዬ እወጣለሁ።

መብራቱ ሳይርገበገብ በርቶ ከቆየና መኪናዋ እንደወትሮዋ ከሄደች፣ ቀስ ብሎ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ ሲሊንደር አልተኮሰም፣ ያልነደደው ቤንዚን ጭስ መውጫው ውስጥ ገብቶ እየተቃጠለ የጭስ ማጽጃውን ካታሊስት ያቀልጠዋል። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሡና ዳር ያዙ። ቀዩ የዘይት መብራት ከሆነ ደግሞ «ቆላ ድባ እስክደርስ» አይባልም፤ ሞተሩን እዚያው ማጥፋት ነው።

ኮዱን ለማንበብ ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ይፈለጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 ጀምሮ ግዴታ አድርገውታል። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ቶዮታዎች ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር ትንሽ ሣጥን አላቸው፤ በውስጧ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝታችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ስትከፍቱ መብራቱ ራሱ ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ በርቶ፣ አረፍ ብሎ፣ አምስት ጊዜ ከበራ 25 ማለት ነው፤ ይህም ያው «አየር በዝቷል» ነው። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ ዲኤክሶች ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው።

ኮዱን ሳትጽፉ አታስጠፉ። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መልሶ መሰካት መብራቱን ያጠፋል፤ ነገር ግን ችግሩ ሲታይ የነበረውን ፍጥነትና ሙቀት የሚያሳየውን መዝገብም አብሮ ይደመስሳል። ብዙዎቹ ኮዶች መብራት የሚያበሩት ችግሩ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታይ ስለሆነ፣ ዕቃው በተቀየረ ማግስት መብራቱ አለመብራቱ ምንም አያረጋግጥም። ችግሩ በእውነት ከተወገደ ደግሞ ከሦስት ደኅና ጉዞ በኋላ ራሱ ይጠፋል።

በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ጎማ ላይ መደብደብ የተለመደ ነው፤ ወረቀቱ ይቀደድና አቧራው የአየር መለኪያው ቀጭን ሽቦ ላይ ይለጠፋል። ያንን ሽቦ በጨርቅ የነካ ሰው ሌላ መግዛቱ አይቀርም፤ ለእሱ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ። ቀጥሎ ነዳጅ ነው። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ቤንዚን ውኃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ያጋጥማል። መብራቱ ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ከበራ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። «የደጋ አየር ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ቆላ ድባ ስሟ ቆላ ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል ከ1,780 ሜትር በላይ ናት፤ ጤነኛ ኮምፒውተር የአየሩን መሳሳት ራሱ ያስተካክላል።

ሌላው ራሳችን ያመጣነው ነው። ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱ ቶሎ አይሞላም፤ ኮምፒውተሩ ገና እንደ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፒ0128 ይመጣል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪኖች ላይ ደግሞ ተቆርጦ የተቀጠለውን ሽቦ ፈትሹ። ጎተራ አጠገብ የሚያድሩ ከሆነም አይጥን አትርሱ።

አንድ ብር የማያስወጣ ሙከራ ልንገራችሁ። ኮዱ ፒ0301 ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር አልተኮሰም ማለት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ካለው፣ የአንደኛውን ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩና ኮዱን አጥፍታችሁ ንዱ። ቀጥሎ ፒ0303 ካለ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ሄዷል፤ ያንን ብቻ ግዙ። እዚያው 0301 ላይ ከቀረ በካንዴላው እንዲሁ አድርጉ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አሮጌዋ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ነው። ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ቢጫው መብራት ያን ጊዜ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት። ቁልፉ ተከፍቶ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ወይም ሸፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ መከራከር ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።