ዓለት ስለ ጠረቡ እጆች

በላስታ አገር፣ ቀድሞ ሮሐ በተባለችው በላሊበላ ከተማ፣ ከዓለት ተፈልፍለው የተሠሩ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሥራቸውም በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለንጉሥ ላሊበላ ይቈጠራል። ታላቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ያህል ነው። ሌላ ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከጣራው ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። አስቀድመው በዙሪያው ጥልቅ ጕድጓድ ቈፈሩ፤ ከዚያም በመካከል የቀረውን ዓለት በውጭም በውስጥም ጠረቡት። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ዓለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንድ ዐምድ ከሰበረ መመለሻ የለውም። መሮም በድንጋይ ላይ ፈጥኖ ይደነዝዛልና፣ በእሳት አግሎ የሚስለው ቀጥቃጭ ከአጠገባቸው ሳይኖር አልቀረም።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ ቢባል፣ የንጉሡ ስም እንጂ የእነርሱ ስም አልቀረልንም። የአገሩ ትውፊት፣ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት በሌሊት እጥፍ አድርገው ይሠሩ ነበር ይላል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ደግሞ ወደዚያ ሄዶ አይቶ፣ ቢጽፈው የሚያምነው እንዳያጣ ፈርቶ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። ይኸው ቄስ የአገሩ ሰዎች ሠሪዎቹ ከግብጽ የመጡ ነጮች ናቸው ብለው እንደ ነገሩት ጽፏል። ይህ ነገር የሚያሳዝን ነው። ምስጋናው አንድ ጊዜ ለመላእክት፣ አንድ ጊዜ ለባዕድ ተሰጠና ለአገሩ ጠራቢ ምንም አልተረፈለትም። ነገር ግን ትውፊቱ ራሱ ቀን ቀን የሚሠሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይመሰክራል፤ በትግራይም በላስታም ብዙ ሌሎች ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸው ጥበቡ በአገሩ ሥር የሰደደ መሆኑን ያስረዳል።

ኋላም እንዲህ ያለውን ጥበብ በወለደ አገር የእጅ ሥራ የተናቀ ሆነ። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ከስድቡም የከፋው፣ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል፣ ሌሊትም ጅብ ይሆናል መባሉ ነው። ልጁን ለባላገር ልጅ አይድርም፤ በማኅበርም ከሰው ጋር አይቀመጥም። የሚንቀው ባላገር ግን በማለዳ ወደ እርሻው ሲወርድ፣ ማረሻው የቀጥቃጭ፣ ምራኑ የፋቂ፣ የተከናነበው ጋቢ የሸማኔ፣ ሚስቱ ጠላ የምትጠምቅበት ጋን የሸክላ ሠሪ ሥራ ነው። በእሑድም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሚሳለመው መስቀል ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ነው። በኦሪት ዘጸአት ድንኳኑን ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤል፣ ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ ድንጋይም የሚቀርጽ ሰው እንደ ነበረ ካህናቱ ዘወትር ያነቡታል፤ ከንባቡ ወደ ጎረቤታቸው ቤት መሻገሩ ግን ለብዙዎች ከብዷቸው ኖረ።

ለዚህ ንቀት አንዱ ምክንያት መሬት ነው። ርስት ከአባት ከእናት በዘር ይወርድ ነበርና፣ በብዙ የሰሜን አገር የእጅ ሠራተኛው ርስት አልነበረውም። ርስት ስለሌለው በእጁ ሥራ አደረ፤ በእጁ ሥራ ስላደረም ርስት ካለው ሰው ጋር ሊጋባና ሊወርስ አልቻለም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ተሳዳቢውም ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር አዘዙ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ለተሰዳቢው እርሻ አይሰጠውም። መሬቱን የነካው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ይህ አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ማረስ ለፈቀደ ሁሉ እንዲሰጥ ደነገገ።

ዛሬ በላሊበላ ሌላ መበላለጥ መጥቷል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ በዛ፤ የእንግዳውን ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት፣ ብዙ ጥማድ መሬት ካለው ሽማግሌ የበለጠ ገንዘብ ያገኝ ጀመር። ይህም ሀብት ጽኑ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ከእርሱም ተከትሎ ጦርነት በመጣ ጊዜ እንግዳው ቀረ፤ አስጐብኚውም ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

የእጅ ሠራተኛው ደግሞ በሁለት መንገድ ተይዟል። ስድቡ እየቀነሰ ሲሄድ የሥራው ገበያም አብሮ ቀነሰ፤ በእንስራ ፋንታ የላስቲክ ጀሪካን፣ በቀጥቃጭ ዕቃ ፋንታ የፋብሪካ ብረት መጣ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ዛሬ ከባላገሩ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጣ ፊደል ትቈጥራለች፤ በአደባባይም ስሟን የሚያጐድፍ የለም። የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ሽማግሎቹ ዘሯን በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ። ስለዚህ ብዙ እናቶች ጭቃውን ሲያቦኩ ልጆቻቸውን ከአጠገባቸው ያርቃሉ፤ እጃቸው ጥበቡን ከለመደ ስሙም አብሮ ይከተላቸዋል ብለው ይፈራሉና።