በጎልፍ ግጥሚያ የማስተካከያ ምት የሚቈጠርበት ሥርዓት

ጎልፍ አባትና ልጅ ሳይበላለጡ የሚጋጠሙበት ጨዋታ ነው፤ ይኸውም የሚሆነው ሃንዲካፕ በሚባለው የችሎታ መለኪያ ነው። በየጉድጓዱ አሸናፊው በሚለይበት የአንድ ለአንድ ግጥሚያ እንዴት እንደሚቈጠር ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

የአባት ሃንዲካፕ 10፥ የልጅ 16 ቢሆን ልዩነቱ 6 ነው። ስለዚህ ልጁ 6 የማስተካከያ ምት ያገኛል። ይህንንም ደስ ባለው ስፍራ አይወስደውም፤ በውጤት መመዝገቢያው ካርድ ላይ በማስተካከያ ተራ ከ1 እስከ 6 በተመደቡት ጉድጓዶች አንዳንድ ምት ይቀነስለታል። ከነዚህ በአንዱ አባት በ4፥ ልጅ በ5 ምት ቢጨርሱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ 20 ቢሆን ግን በ18ቱም ጉድጓድ አንዳንድ ተቀንሶ፥ ተራቸው 1ና 2 በሆኑት አንድ አንድ ይጨመራል።

ጠብ የሚነሣው ከሒሳቡ ይልቅ ከዝምታ ነው። ልጅ አባቱን አፍሮ ምቱን ሳያስቈጥር በውጤቱ ቢስማማ፥ ከሁለቱም አንዱ የሚቀጥለውን ጉድጓድ መምታት ከጀመረ በኋላ የተስማሙበት ይጸናል። ስለዚህ ገና ሳይጀምሩ ሃንዲካፓቸውን ተነጋግረው፥ ምቱ የሚቀነስባቸውን ጉድጓዶች በካርዱ ላይ ምልክት እንዲያደርጉባቸው እንመክራለን። በደንብ የተሰጠ ምት ምጽዋት አይደለምና ተቀባዩ አይፈር፤ ሰጪውም አይንፈግ።