ለጥቂት በጎች የሚሆን የጓሮ አጥርና ጉረኖ አሠራር

በጓሯቸው ከሦስት እስከ አምስት በግ ለማድለብ ያሰቡ አርሶ አደሮች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን «የትኛው አጥር ይረክሳል?» ብለው ነው። ከዋጋው በፊት ግን አጥሩ የሚሠራው ለምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የቀኑ አጥር በጉ ወጥቶ የጎረቤት ማሳ እንዳይገባና ጠብ እንዳያመጣ ነው። የሌሊቱ ደግሞ ጅብና ሌባ እንዳይገባ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መሥራት ወይ ገንዘብ ያባክናል፣ ወይ በግ ያስበላል።

ልኩን እንመልከት። አንድ ትልቅ በግ በጉረኖ ውስጥ 1.5 ካሬ ሜትር ቦታ ካገኘ ይበቃዋል። ለአምስት በግ 3 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ ጉረኖ ይሆናል፤ ዙሪያው 11 ሜትር ነው። የቀን መዋያው 8 በ6 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 28 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጠንካራውንና ውዱን ሥራ በ11 ሜትሩ ላይ አውሉት።

ለመዋያው 1.2 ሜትር ከፍታ ለበግ በቂ ነው። ፍየል ካለበት ግን ከፍ መደረግ አለበት፤ ፍየል ትዘላለች፣ ትንጠላጠላለችም። የባህር ዛፍ አጣና በቅርብ ይገኛል፤ ችግሩ ምስጥ ነው። ቋሚውን ልጣችሁና አድርቃችሁ፣ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልባችሁ ብትተክሉት ዕድሜው ይረዝማል። የእሾህ አጥር ወጪ የለውም ቢባልም በየዓመቱ ቁጥቋጦ ያስጨፈጭፋል፣ ቆዳውንም ይቧጭራል። እሾሃማ ሽቦም እንዲሁ ነው፤ የተቧጨረ ቆዳ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል።

ጊዜ ላለው ሰው እኔ የምመርጠው የቅንጭብ ሕያው አጥር ነው። በግ አይበላውም፣ ድርቅም ይችላል። የተቆረጠው ቅንጭብ ወተቱ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን በጥላ ይቆይና በሁለት መስመር፣ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ክፍተት ትይዩ ይተከላል። ውኃ የሚቋጥር መሬት ላይ ይበሰብሳል። ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ሥራውን ለሕፃናት አትስጡ። እስኪጠና ድረስ አጣናውን አታንሱ። ሳስፓንያና ትሪሉሰርን ጥሩ መኖ ናቸው፤ ነገር ግን በጎቹ የሚደርሱበት ከሆነ አጥርነታቸው ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ ተክሎ እያጨዱ ማቅረብ ይሻላል።

ወደ ጉረኖው ስንመጣ፣ ጅብ የሚገባው በላይ ብቻ አይደለም። አንድ አርሶ አደር ግድግዳው ደህና ሆኖ ሳለ ከሥር ተቆፍሮ ሁለት በግ አጥተዋል። መሠረቱ እስከ ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ በድንጋይ ይሞላ፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ ይድረስ። ጅብን ፈርቶ ሁሉንም በጭቃ መድፈን ግን ሌላ ጉዳት አለው፤ የሽንቱ ሽታ ይታፈንና በጎቹ ሳል ይይዛቸዋል። የላይኛውን ግማሽ ሜትር ተቀራርቦ በተመታ አጣና ክፍት አድርጉት። ወለሉም ሽንት እንዲወርድ ወደ አንድ በኩል ያዘንብል።

መዝጊያው ወደ ውጭ የሚከፈት ሆኖ ከውስጥ በኩል መቃን ላይ ከተደገፈ ከውጭ ሲገፋ አይበረገድም። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ። መወርወሪያውን ሁልጊዜ ማታ የሚፈትሽ አንድ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ ይመደብ።