አዋቂ የማይሰማው ደወል

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብን ድምፅ ለመስማት እንደሚችል በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ይህ አኃዝ ግን የልጅን ጆሮ እንጂ የሚያስተምረውን ሰው ጆሮ አይገልጽም። ውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ ሲሆን፣ በውስጡ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ህዋሳት ተደርድረዋል። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት በመግቢያው አጠገብ ያሉት ናቸው። እነዚህም ከሌሎቹ ቀድመው የሚጎዱ ሲሆን፣ ከሞቱ በኋላ አይተኩም። ስለሆነም ሰው ገና ሃያዎቹን ሲያጋምስ፣ ምንም የጎደለበት ሳይመስለው፣ እጅግ ቀጭኑን ድምፅ መስማት ያቆማል።

ሃዋርድ ስቴፕልተን የተባለ የዌልስ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ መሣሪያ ሠርቶ «ሞስኪቶ»፣ ማለትም ትንኝ፣ ብሎ ሰየመው። መሣሪያው ወደ 17,000 ኸርዝ የሚጠጋ ድምፅ የሚያሰማ ሲሆን፣ ዓላማው በሱቅ ደጃፍ ተሰብስበው ደንበኛ ያውካሉ የተባሉትን ወጣቶች ማባረር ነበር። አዋቂው ምንም ሳይሰማ ገዝቶ ይወጣል፤ ወጣቱ ግን ጆሮው እየተሰቀጠጠ ሥፍራውን ይለቃል። (በእናቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃንም ድምፁን ይሰማል፤ እናቱ ግን ለምን እንደሚያለቅስ አታውቅም። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ በ2010 መሣሪያው እንዲታገድ መጠየቁ ያለ ምክንያት አልነበረም።)

ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች ይህንኑ ድምፅ ቀድተው የእጅ ስልካቸው ደወል አደረጉት። ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ በ2006 በብሪታንያ ተማሪዎች ዘንድ ተሰራጨ፤ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። ስልክ በተከለከለበት ክፍል መልእክት ሲደርስ ተማሪው ይሰማል፤ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ የሚጽፈው መምህር አይሰማም። በዚያው ዓመት ኢግ ኖቤል የተባለው፣ አስቂኝ ሆነው የሚያሳስቡ ሥራዎች የሚሸለሙበት ድርጅት፣ የሰላም ሽልማቱን ለስቴፕልተን ሲሰጥ ማባረሪያውንም ደወሉንም አንድ ላይ ጠቅሷል።

ነገሩ ማሳቁ አይካድም። ይሁን እንጂ የክፍሉ ደንብ የቆመው «ስልክ ቢጮኽ መምህሩ ይሰማል» በሚል ግምት ላይ ነበር፤ ግምቱንም የመረመረ አዋቂ አልነበረም። በፈተና አዳራሽም ዝምታ ስልክ ለመኖሩም ሆነ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንምና፣ ስልኩን ከበር ላይ መረከብ ይሻላል። ለዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። ለመምህራን ግን አለኝ። የድምፅን ትምህርት ሁለት አኃዝ በማስሸምደድ ስንጨርሰው፣ እነዚያ ልጆች የመምህራቸው ጆሮ የት ላይ እንደሚያበቃ በተግባር ፈትነው አውቀዋል። ቅጣት ይገባቸው ይሆናል፤ ትምህርቱ ግን ገብቷቸዋል።

ይህን ሙከራ በግልጽ በክፍል ውስጥ ማካሄድ ይቻላል። የተፈለገውን ድግግሞሽ የሚያሰማ ፕሮግራም በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ በቀላሉ ይገኛል። ከ8,000 ኸርዝ ተነሥቶ ድምፁን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ፣ ሁሉም እጁን አንሥቶ መስማት ሲያቆም እንዲያወርድ ማድረግ ነው። አስቀድሞ የሚያወርደው በአብዛኛው መምህሩ ራሱ ይሆናል። ይህ ክብርን የሚነካ የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ተማሪው በስውር የሚያውቀውን ድካም መምህሩ ራሱ ቢገልጠው የሚቀነስበት ክብር የለም። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ እጁን የሚያወርድ ተማሪ ቢኖር ደግሞ የመስማት ችሎታው በሐኪም እንዲታይ ለወላጆቹ መንገር ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መምህሩ ስላልሰማ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ኃይሉን ቢጨምር የልጆቹን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም የድምፁን መጠን እንዲቆጣጠር ከተማሪዎቹ አንዱ ይመደብ።