ከሰንጠረዡ ግርጌ የተነሣው ሻምፒዮን፦ የ1916 የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ውድድር



በአውስትራሊያ ፉትቦል መዝገብ ውስጥ እንደ ቀልድ የሚጠቀስ አንድ መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1916፣ በሜልበርን ከተማና በአካባቢዋ በሚካሄደው የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ፣ ፊዝሮይ የተባለው ክለብ በደረጃ ሰንጠረዡ የመጨረሻ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ሻምፒዮን ሆነ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ሥቄ ነበር። ዛሬ ግን ይህንን መስመር እንደ ጦርነት ሰነድ አድርገን እንድናነበው እጋብዛችኋለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእግርም በእጅም ይጫወቱታል። በሁለቱ ረጃጅም የመካከል ቋሚዎች መሐል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ከእነርሱ ጎን ባሉት አጫጭር ቋሚዎች በኩል ያለፈ ደግሞ 1 ነጥብ ብቻ።

ሊጉ በ1914 ዐሥር ክለቦች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ምሩቃን ቡድን ሲሆን፣ 51 ጨዋታዎችን በተከታታይ ተሸንፎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊጉን ለቀቀ። (እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለን ሰዎች የሚያጽናና ታሪክ አይደለም።) በ1915 ዘጠኝ ቀሩ። በ1916 ግን አምስቱ፣ ማለትም ሜልበርን፣ ጂሎንግ፣ ኤሰንደን፣ ሴንት ኪልዳና ሳውዝ ሜልበርን፣ አልተሰለፉም። ካርልተን፣ ኮሊንግዉድ፣ ሪችመንድና ፊዝሮይ ብቻ ሜዳ ገቡ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ባሕር ማዶ የተላከው የአውስትራሊያ ሠራዊት በሙሉ ወዶ ዘማች ነበር። መንግሥት ማንንም በግዳጅ ወደ ግንባር ሊልክ አይችልም ነበርና፣ እያንዳንዱ ጤነኛ ጎልማሳ ለምን እንዳልዘመተ በአደባባይ ይጠየቅ ነበር። በቅዳሜ ከሰዓት በሺዎች ፊት ሲሮጥ ከሚታይ ተጫዋች ይልቅ ለዚህ ጥያቄ የተጋለጠ ማን አለ? ጨዋታው ይቁም የሚሉት፣ የወጣቶች ጉልበት ያለቦታው ባከነ ይሉ ነበር። ይቀጥል የሚሉት ደግሞ፣ ሳምንቱን በፋብሪካ ሲደክም ለሚውለው ሕዝብ የቀረችው አንዲት መዝናኛ ይህች ናት ብለው ይከራከሩ ነበር።

የቀሩት አራቱ ክለቦች ተጎራባች ከሆኑ የሠራተኛ ሰፈሮች የወጡ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በመደብ ልዩነት ብቻ መተርጎም ይቀልላል። እኔ ይህን ትርጓሜ በከፊል እንጂ በሙሉ አልቀበለውም፤ ሳውዝ ሜልበርንም የሠራተኞች ሰፈር ነበርና፣ ክለቡ ግን አልተጫወተም። ከእነዚያው ሰፈሮች የዘመተውም ወጣት ጥቂት አልነበረም።

ውድድሩ በግንቦት ተጀመረ። እያንዳንዱ ክለብ ከሦስቱ ተጋጣሚዎቹ ጋር አራት አራት ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ጨዋታ አደረገ። የ1914 እና የ1915 ሻምፒዮን የነበረው ካርልተን 10 አሸንፎ አንደኛ ሆነ። ፊዝሮይ 2 አሸነፈ፣ 1 አቻ ወጣ፣ 9 ተሸነፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በሐምሌ 19 ሌሊት በፈረንሳይ ፍሮሜል በተባለ ስፍራ አንድ የአውስትራሊያ ክፍለ ጦር 5,533 ሰዎች ሞተው፣ ቆስለውና የገቡበት ጠፍቶ አጥቷል። በዚያው ሳምንት ፖዚዬር ላይ ሌላ ውጊያ ተከፈተ።

አሁን ወደ ቀልዱ እንመለስ። የሊጉ ደንብ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ለግማሽ ፍጻሜ ያልፋሉ ይላል። ክለቦቹ ዘጠኝ ሲሆኑ ይህ ደንብ አምስቱን ያሰናብታል። አራት ሲሆኑ ግን ማንንም አያሰናብትም። ደንቡም አልተለወጠም። እነሆ፣ 24 ጨዋታዎች ተካሂደው አንድም ክለብ አልወደቀም!

በግማሽ ፍጻሜው ፊዝሮይ ኮሊንግዉድን፣ ካርልተን ሪችመንድን አሸነፉ። ቀጥሎ ፊዝሮይ ካርልተንን ረታ። ሆኖም በሰንጠረዡ አንደኛ የወጣ ክለብ ቢሸነፍ ዳግመኛ የመግጠም መብት ነበረው፤ ካርልተንም በዚሁ ተጠቀመ። መስከረም 2 ቀን 1916 በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ በተደረገው ታላቅ ፍጻሜ ፊዝሮይ 85 ለ 56 አሸነፈ። ስለዚህ ድሉ በአጋጣሚ የተገኘ ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ በዓመቱ የበላይ የነበረውን ክለብ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት። አጋጣሚውን የፈጠረው የአምስቱ ክለቦች አለመኖር ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ለቀሩት የተተወ ባዶ ረድፍ እንኳ የለም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ በጥቅምት 28፣ የአገሪቱ ሕዝብ በግዳጅ ዘመቻ ጉዳይ ድምፅ ሰጥቶ በጠባብ ልዩነት ውድቅ አደረገው። በ1917 ጂሎንግና ሳውዝ ሜልበርን፣ በ1918 ኤሰንደንና ሴንት ኪልዳ ወደ ሊጉ ተመለሱ። ሜልበርን የተመለሰው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1919 ነው። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ከዘጠኝ ክለቦች የመጨረሻ ሆነ፤ በዚያ ዓመት ግን የመጨረሻው ክለብ እንደ ደንቡ ወደ ቤቱ ተሰናበተ።